የጋራ ሥዕል በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አርባ ልጅ፣ አንድ ሥዕል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ክፍል ውስጥ ግን አንዱ ውሃ ይደፋል፣ ሁለቱ በአንድ ብሩሽ ይጣላሉ፣ አንዷ ጥግ ይዛ ታኮርፋለች። ሥነ ጥበብ በማስተምርባቸው ዓመታት መምህራንና ወላጆች እየደጋገሙ ያነሱልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ከመልሶቹ አንዳንዶቹን የተማርኩት ራሴ አበላሽቼ ነው።

የጋራ ሥራ የሚባለው የትኛው ነው?

አርባ ልጅ አርባ ዛፍ ስሎ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ቢሰቀል ያ ኤግዚቢሽን ነው። መምህሩ ትልቅ ዛፍ ስሎ ልጆቹ ቅጠሉን አረንጓዴ ቢቀቡለት ደግሞ ሥዕሉ የመምህሩ ነው፤ ልጆቹ ረዱት እንጂ አልሳሉም። ሁለቱም ክፉ አይደሉም። የጋራ ሥራ ግን አይደሉም።

እኔ ሁለት ነገር አያለሁ። የአንድ ልጅ ድርሻ ቢነሳ ሥዕሉ ላይ ክፍተት ይታያል ወይ? እያንዳንዱ ልጅስ «ይቺ የኔ ናት» ብሎ በጣቱ ሊያሳይ ይችላል ወይ?

ከሁለቱም ይበልጥ የማየው ግን መገጣጠሚያውን ነው። የአንዱ ልጅ ወረቀት አልቆ የጎረቤቱ የሚጀምርበትን መስመር ማለቴ ነው። የኔ ወንዝ ወደ አንተ ወረቀት ሊገባ ነው፤ ስለዚህ ማውራት አለብን። ስፋቱ ስንት ይሁን? ቀለሙስ? «አንቺ ያንቺን ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ እኔ የኔን ከፍ ላድርገው» የሚል ንግግር ካልሰማሁ፣ ልጆቹ አብረው ተቀምጠው ለየብቻ እየሠሩ ነው።

ሞክሬው አላውቅም። በምን ልጀምር?

በመንገድ ጀምሩ። እስካሁን ከዚህ የቀለለ አላገኘሁም።

ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ወረቀት ስጡ። በግራና በቀኝ ጠርዝ ላይ ከታች በ7 እና በ13 ሴንቲ ሜትር ላይ ነጥብ ያድርጉ። መንገዱ በግራ በኩል በሁለቱ ነጥቦች መሃል ይገባል፣ በቀኝ በኩል በሁለቱ ነጥቦች መሃል ይወጣል። በመካከል የፈለገው ይሁን። ይጠማዘዝ፣ ድልድይ ይኑረው፣ ዘንዶ ይዝጋው። መግቢያውና መውጫው እስካልተነካ ድረስ ወረቀቶቹን በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል ብትደረድሯቸው መንገዱ አይቋረጥም። የ40 ልጅ ወረቀት ሲገጣጠም 8 ሜትር ይሆናል። ኮሪደሩ ላይ ሲዘረጋ ልጆቹ ራሳቸው አያምኑም።

እዚህ ድረስ ግን ገና ግማሹ ነው። ቀጥሎ ጎረቤታሞቹን አጣምሯቸውና በሁለቱ ወረቀት ድንበር ላይ አንድ ነገር አብረው ይሳሉ በሏቸው። ግማሽ ቤት በሱ፣ ግማሽ ቤት በሷ። ጫጫታው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ጥሩ ጫጫታ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። የቀረ ልጅ ሲመጣ ወረቀቱን ሠርቶ ይጨምራል። ቦታ አልቋል የሚባል ነገር የለም።

አንድን ሥዕል በካሬ ከፋፍሎ ማሳደግስ?

ሠዓሊዎች ትንሽ ንድፍ ወደ ትልቅ ግድግዳ ለማሻገር ለዘመናት የተጠቀሙበት ዘዴ ነው። አሜሪካዊው ቸክ ክሎስ ግዙፍ የፊት ሥዕሎቹን የሠራው እንዲህ በካሬ እየከፋፈለ ነበር። ለልጆች በጣም ይሠራል፤ ምክንያቱም አይን ወይም አፍንጫ መሳል አይጠበቅባቸውም። አንድ ጥቁር ኩርባ ከዚህ ተነስቶ እዚያ ይደርሳል፣ በቃ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 24 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል በ3 ሴንቲ ሜትር ካሬዎች ሲከፈል 8 በ5፣ ማለትም 40 ቁራጭ ይወጣዋል። እያንዳንዱ ልጅ የደረሰውን ቁራጭ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ካሬ ያሳድጋል። ሲገጣጠም 120 በ75 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ሦስት ነገር ልምከር። መጀመሪያ፣ ሥዕሉን ከመቁረጣችሁ በፊት በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ላይ ቁጥርና ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ጻፉ። በልጆቹ ወረቀት ጀርባም እንዲሁ። እኔ አንድ ጊዜ ቀስቱን ረስቼ፣ ማታ ወለል ላይ ተንበርክኬ ሰማይ የሚመስሉ ካሬዎችን ሳገላብጥ አመሸሁ። ጠዋት አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ መጥቶ በአምስት ደቂቃ ገጣጠመው።

ሁለተኛ፣ ምስሉ ጥቁርና ነጩ በደንብ የሚለይ ይሁን። ልጆቹ የተለያየ ቀለም ቢጠቀሙ እንኳ ጨለማው ጨለማ፣ ብርሃኑ ብርሃን ከሆነ ሥዕሉ ከሩቅ ይታያል። ዓይናችን ነው የሚገጣጥመው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሱራ ከ1884 እስከ 1886 ድረስ በወንዝ ዳር የሚዝናኑ ሰዎችን በጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ሲስል የተማመነው በዚሁ ነበር። ከቅርብ ነጥብ፣ ከሩቅ ሰው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ባዶ ሰማይ ያለበት ምስል አትምረጡ። አንዷ የፈረስ ዓይን ይደርሳታል፣ አጠገቧ ያለው ልጅ ደግሞ ንጹሕ ሰማያዊ ካሬ። እንደተሸወደ ወዲያው ይገባዋል። ልክም ነው። ምስሉ የግድ ሰማይ ያለበት ከሆነ፣ ሰማይ የደረሳቸው ልጆች ካሬያቸውን በመስመርና በጌጥ እንዲሞሉት ፍቀዱላቸው።

ዝግጅት የማይፈልግ፣ በ15 ደቂቃ የሚያልቅ ነገር የለም?

አለ። ወረቀት ለሦስት አጥፉ። የመጀመሪያው ልጅ ጭንቅላት ስሎ፣ የአንገቱን መስመር ከእጥፋቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አሳልፎ፣ አጥፎ ለጎረቤቱ ይሰጣል። ሁለተኛው ጭንቅላቱን ሳያይ አካል ይስላል። ሦስተኛው እግር። ከዚያ ይገለጣል።

ይህን ጨዋታ ለሥዕል ያዋሉት በ1925 ገደማ ፓሪስ ውስጥ የነበሩ የሱሪያሊዝም (ሕልም የሚመስል ሥራ የሚሠራበት የጥበብ ዘርፍ) ሠዓሊዎችና ገጣሚዎች ናቸው። እነሱ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ያን ያህል ከሳቁበት፣ የስምንት ዓመት ልጆች ምን እንደሚሆኑ አስቡት። ያቺ አንድ ሴንቲ ሜትር ግን እንዳትረሳ። እሷ ከሌለች አካሉ ከአንገቱ ጋር አይገናኝም። ከትልቁ ፕሮጀክት በፊት ይህን ማስቀደም እወዳለሁ፤ «መስመርህን ተውልኝ፣ እኔ እቀጥለዋለሁ» ማለት ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ይገባቸዋል።

«እኔ መሳል አልችልም» የሚል ልጅ ምን ላድርገው?

ይህ ንግግር በብዛት የሚሰማው ከሦስተኛና ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ትንንሾቹ አይሉትም፤ እነሱ ሁሉንም ይችላሉ። ዘጠኝና አሥር ዓመት ሲሆናቸው ፈረሱ ፈረስ እንዲመስል ይፈልጋሉ፣ እጃቸው ደግሞ እምቢ ይላል።

«ትችላለህ እንጂ!» ብላችሁ አትከራከሩት። አያምናችሁም። እርሳሱን አስቀምጦ መቀስ እንዲያነሳ አድርጉ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሄንሪ ማቲስ በ1941 ከባድ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ቆሞ መሳል ከበደው። ረዳቶቹ ቀለም የቀቡለትን ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት ድንቅ ሥራዎችን ሠራ። እሱ ይቆርጣል፣ ረዳቶቹ ይቀባሉ፣ እየጠቆመ ግድግዳው ላይ ያስለጥፋቸዋል። ይሄም የጋራ ሥራ ነው እኮ።

የእጅ አሻራም አለ። አርጀንቲና ውስጥ «የእጆች ዋሻ» የሚባል ቦታ ግድግዳው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች እጃቸውን አስደግፈው በዙሪያው ቀለም በመንፋት በተዉት ምስል የተሞላ ነው። ዩኔስኮ በ1999 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ፎቶውን ለልጆች አሳዩአቸው። አንዳቸውም «እጄን መሳል አልችልም» አይሉም። ክፍል ውስጥ ግን ቀለም በአፍ መንፋት አይታሰብም። ስፖንጅ ይበቃል።

አንዷ ጎበዝ ልጅ ሁሉንም ልትሠራላቸው ትፈልጋለች። ላቁማት?

እሷን ከማቆም ሥራውን መለወጥ ይሻላል። ቡድኑ አራት ልጅ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አንዱ ተመልካች ይሆናል። ኃላፊነቱም በየተራ ይዙር፤ ዛሬ ቀለም የምትደባልቅ ልጅ ነገ ጠርዙን ትለጥፋለች። ሕጉ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ ማንም የሌላውን ሥራ ሳያስፈቅድ አይነካም። «ልርዳህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «አይ» የሚል መልስም ይቻላል።

ሕጉ መምህሩንም ይመለከታል። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያመጣናል።

አንዱ ቁራጭ አስቀያሚ ሆነ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ባስተካክለውስ?

አታስተካክሉት።

አድርጌው ስለማውቅ ነው። የወላጆች ቀን ደርሶ ነበር። አንድ ካሬ ከሌሎቹ ጋር አልሄድ አለኝ፤ መስመሩ ከጎረቤቱ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ብሩሽ አንስቼ አሥር ደቂቃ በማትሞላ ጊዜ ገጠምኩት። በማግሥቱ የካሬዋ ባለቤት ሥዕሉ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ዞር ብላ «ቲቸር፣ የኔ የታለ?» አለችኝ። እንዳልገባኝ ሆኜ «ያው እዚያ ነው» አልኳት። «እሱ የኔ አይደለም» ብላ ሄደች። በዚያ ሳምንት ብሩሽ አላነሳችም። ወላጆቹ ደግሞ መስመሩ መገጠሙን ልብ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሥራው ሳያልቅ፣ ሁሉንም ካሬዎች ወለል ላይ ዘርጉና ልጆቹን በዙሪያው አቁሟቸው። «የቱ ጋ ነው የማይገናኘው?» ብቻ በሏቸው። ጎረቤታሞቹ ራሳቸው ያዩታል። አንዱ ያስተካክላል፣ ወይም ሁለቱ ተስማምተው መሃል ላይ ድልድይ ይሠራሉ፣ ወይም «እንዲህ ይሻላል» ብለው ይተዉታል። ሦስተኛውንም ተቀበሉት።

ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በተለያዩ ቀናት ተከፋፍሎ። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍሎች ሁለት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ ይችላሉ። ማጽጃውን ጊዜ ጨምሩበት። ሁልጊዜ ይረሳል።

የትኛው ቀለም ይሻላል?

ለክፍል ውስጥ በውሃ የሚታጠብ ቴምፔራ በቂ ነው። አክሪሊክ ያምራል፣ ይበረታል፣ ግን ልብስ ላይ ከደረቀ በኋላ አይለቅም፤ እናቶቹ አይረሱላችሁም። ቴምፔራን ግን ውጭ አትጠቀሙት። ዝናብ ያጥበዋል።

ሁሉም የሚጋሩት ቀለም ካለ፣ ለምሳሌ የመንገዱ ግራጫ፣ በአንድ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አንዴ በብዛት ደባልቁት። ግማሽ ላይ ሲያልቅ ያንኑ ቀለም መልሶ ማግኘት ይቸግራል። ለአንድ ጠረጴዛ ሁለት የውሃ ዕቃ አስቀምጡ፤ አንዱ ለመጀመሪያው እጥበት፣ ሌላው ለማጥሪያ። አለበለዚያ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ነገር ቡኒ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታባቸው ልጆች አሉ፤ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ በብዛት ይታያል። ብዙዎቹ ራሳቸውም አያውቁትም። በየቀለሙ ዕቃ ላይ ስሙን ጻፉበት። ልጁን ማንም ሳያውቅበት ይገላግለዋል።

በጀት የለንም። ያለ ገንዘብ የሚሠራ ነገር አለ?

ካርቶን፣ ጋዜጣ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ የጠርሙስ ክዳን። ክዳኖቹን አጥባችሁ በቀለም ለዩና ካርቶን ላይ በመለጠፍ ሞዛይክ ሥሩ። የመለየቱን ሥራ አንደኛ ክፍሎች በጣም ይወዱታል። የምታጣብቁት በሚሞቅ ኮላ ከሆነ ግን መሣሪያውን የሚይዘው አዋቂ ብቻ ነው።

ቀለምም ከአፈር ይሠራል። የተለያየ መልክ ያለው አፈር ሰብስቡ፤ ቀይ፣ ቡኒ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ይድረቅ፣ ይደቅ፣ በጥሩ ወንፊት ይነፋ። ከዚያ በነጭ ኮላና በትንሽ ውሃ ይለወስ። ልጆቹ አፈር ፍለጋ የሚወጡበት ቀን ከሥዕሉ ቀን ይበልጥ ደስ ይላል።

ክር ካላችሁ ደግሞ ክብ ሽመና ሞክሩ። ከትልቅ ካርቶን ክብ ቁረጡ፣ ጠርዙን ቁረጥ ቁረጥ አድርጉና ከየቁርጡ እስከ መሃሉ ክር ወጥሩበት። አራት ልጅ በዙሪያው ተቀምጦ ክሩን አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከሥር እያሳለፈ ይቀባበላል። የተወጠሩት ክሮች ቁጥር ጎዶሎ ይሁን፤ 15 ወይም 17። ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር ከሆነ በሁለተኛው ዙር ክሩ ያንኑ መንገድ ይደግማል፣ ሽመናው አይያያዝም። ምክንያቱን አትንገሯቸው። በ16 ጀምረው ይግረማቸው፤ የሒሳብ መምህሩም ያመሰግናችኋል።

ሁሉም ክፍል የሚሳተፍበት ነገር እንፈልጋለን።

ጃፓናዊቷ ያዮይ ኩሳማ በ2002 አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ውስጥ ለልጆች ያዘጋጀችው ሥራ አለ። ክፍሉ፣ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ ነው። የሚገባው ሰው የተለያየ ቀለም ያላቸው ክብ ተለጣፊዎች ይሰጠውና የፈለገበት ይለጥፋል። ነጩ ቀስ በቀስ ይጠፋል።

ክፍል ሙሉ ነጭ ማድረግ አይጠበቅባችሁም። ነጭ የተቀባ ትልቅ ካርቶን ወይም አሮጌ ወንበር ይበቃል። መግቢያው አካባቢ አስቀምጡትና ለአንድ ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ በቀን አንድ ክብ ይለጥፍ። እዚህ ግን «የኔ የቷ ናት?» የሚለው ይጠፋል፤ ነጥቡ ሁሉ አንድ ነው። ስለዚህ ብቻውን በቂ አይመስለኝም። ማሟሻ ነው።

የግድግዳ ሥዕል ደፍረን እንሞክር?

ሞክሩ፣ ግን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሥራችሁ ይሁን። መጀመሪያ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ግድግዳው ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከሥር አንድ ዙር ነጭ ቀለም ይቀባ። እርጥበት የሚያፈስ ግድግዳ ከሆነ ተዉት፤ የቱንም ቀለም ቢቀቡት ይላጣል። የልጆቹ ክልል እጃቸው እስከሚደርስበት ነው። መሰላል ላይ የሚወጣ ልጅ አይኖርም። በአንድ ጊዜ ግድግዳው ጋ ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ ይበቃል፤ ሌሎቹ ቀለም ይደባልቁ፣ ንድፍ ይሥሩ።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ኪት ሃሪንግ በ1989 ቺካጎ ውስጥ ወደ 500 ከሚጠጉ ተማሪዎች ጋር ረጅም የግድግዳ ሥዕል ሠርቷል። ጥቁሩን የቅርጾች መስመር እሱ አሰመረ፣ ውስጡን ተማሪዎቹ ሞሉት። «መምህሩ ስሎ ልጆቹ ሲቀቡ የጋራ አይደለም አላልክም?» ትሉኝ ይሆናል። ብያለሁ። ልዩነቱ፣ ሃሪንግ ውስጡ ምን እንደሚሆን አልወሰነም። ልጆቹ ስም ጻፉ፣ ጌጥ አስጌጡ፣ የፈለጉትን ቀለም ተጠቀሙ። መስመሩ አጥር ሆነላቸው እንጂ ትእዛዝ አልሆነባቸውም።

ግድግዳው ካስፈራችሁ ጣውላ ላይ ሥሩና ስቀሉት። ሲበላሽ ይነሳል።

ነጥብ እንዴት ልስጥ?

ለቡድኑ አንድ ዓይነት ነጥብ አትስጡ። እያንዳንዱን ልጅ ሥዕሉ ፊት አቁማችሁ «ከጎረቤትህ ጋር ምን አስቸገራችሁ? እንዴት ፈታችሁት?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለት ደቂቃ ነው። መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ሲያልቅ የማን ይሆናል?

ሳይጀመር ይወሰን። ተበታትኖ እያንዳንዱ ድርሻውን ወደ ቤት ይወስዳል? ወይስ ሙሉውን ትምህርት ቤቱ ያስቀረዋል? እኔ ልጆቹን ድምፅ አሰጣለሁ። የሚበታተን ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ሙሉው ፎቶ ይነሳ፣ ቅጂው ለሁሉም ይድረስ። የሚቀር ከሆነ የሁሉም ስም ከጎኑ ይጻፍ። የልጆቹ ፊት የሚታይበትን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ወላጆችን አስፈቅዱ።

ልጄ «የኔ ጥግ ላይ ያለችው ናት» እያለ ሲያወራ ይውላል። ምን ልበለው?

ሄዳችሁ እዩለት። ከዚያ ከጎኗ ያለችው የማን እንደሆነች ጠይቁት።